ራውተሩን ስንቴ አጥፍተን እናብራው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የአክስቴ ልጅ ላከልኝ። ቀጥሎ የኮንዶሚኒየማችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ማታ ደግሞ አንድ ደንበኛዬ «ይሄ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ አስተላለፈልኝ። ርዕሱ «ኢንተርኔቱ ደህና ነው፣ ችግሩ እርስዎ ቤት ነው» ይላል።

ደንበኛዬ እንዲህ ያለኝ አለምክንያት አይደለም። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ዋይፋይ ማስተካከል ነው። ራውተር እተክላለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ፣ የተረሳ የይለፍ ቃል እቀይራለሁ። «ችግሩ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በሳምንት ብዙ ጊዜ እናገራታለሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ሳነብ ግማሹ የራሴ ንግግር መሰለኝ። ሌላው ግማሽ ግን ቡናዬን አቀዘቀዘብኝ።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሰዉ የገዛውን ፍጥነት መስፈሪያ አያውቅም፣ ሜጋቢትን ከሜጋባይት ያምታታል ይላሉ። ራውተሩን የማይሆን ቦታ ወሽቆ የኢንተርኔት አቅራቢውን ይሳደባል። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ጥፋቱ የመብራት፣ የመንገድ ቁፋሮ ወይም የባሕር ውስጥ ኬብል ነው፤ አቅራቢው ምን ያድርግ? የሚያማርሩትም ጥቂቶች ናቸው፣ የረካው ዝም ስላለ ነው ጩኸቱ የበዛ የሚመስለው። በመጨረሻም ዋጋው ይህን ያህል ረክሶ ሳለ ያልተመቸው ሰው ትቶ በሞባይል ዳታ ይጠቀም ይላሉ።

አምስቱንም በየተራ አነሳለሁ። እኩል ጊዜ ግን አልሰጣቸውም።

በመስፈሪያው ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስናወርድ ኮምፒውተራችን የሚያሳየን ግን ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የ8 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1 ሜጋባይት ያወርዳል። 1 ጊጋባይት የሚሆን ፊልም በዚህ መስመር 17 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ይህ ደግሞ ብልሽት አይደለም። «8 ገዝቼ 1 ሰጡኝ» ብሎ የጠራኝ ሰው አለ። አስረድቼው፣ ቡና ጠጥቼ፣ ሒሳብ ሳልቀበል ወጣሁ።

ችግሩ ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው የሚደርሱበት ቦታ ነው። እኔ የማገኛቸው ሰዎች በብዛት የሚያማርሩት «ጠዋት ደህና ነው፣ ማታ ይሞታል» ብለው ነው። ቢትና ባይት የሚያምታታ ሰው ጠዋትም ያምታታል። አለማወቅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጠብቆ አይመጣም። መስመሩ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 8 ሜጋቢት አሳይቶ ማታ 2 ሜጋቢት ካሳየ፣ በመሀሉ የተለወጠው መስመሩ ነው። የሰውየው የሒሳብ ችሎታ ቀኑን ሙሉ ያው ነበር።

ለማታው ጸሐፊው በአንድ መስመር መልስ ጣል አድርገዋል። «ጎረቤት ሁሉ ፊልም ስለሚከፍት ነው» ይላሉ። ይህቺን ትንሽ ልፈታታት። ፋይበር የገባላቸው ቤቶች በብዛት የሚጠቀሙት ጂፖን የሚባለውን አሠራር ነው። ከአቅራቢው ጣቢያ የሚመጣው አንድ የብርሃን መስመር መንገድ ላይ በመከፋፈያ ተከፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይደርሳል። ያ አንድ መስመር ወደ ቤቶቹ በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ይልካል። 64ቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ ቢጠቀሙ እንኳ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 39 ሜጋቢት ይደርሰዋል። እንግዲህ 10 ሜጋቢት የገዛ ሰው ማታ 2 ሜጋቢት ብቻ ሲደርሰው፣ ጥፋቱን ከላይ ፎቅ ባሉት ልጆች ካርቱን ላይ ማላከክ አይሆንም። የተጨናነቀው ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው፤ ከጣቢያው ጀርባ፣ ደንበኛው አይቶት የማያውቅ ቦታ። የዚያን መንገድ ስፋት የሚወስነው ደግሞ ስንት ደንበኛ እንዳስፈረመ የሚያውቀው አቅራቢው ራሱ ነው።

ጸሐፊው ውሉ ላይ ያለችውን «እስከ» የምትል ቃልም ይከላከሉላታል። «እስከ 10 ሜጋቢት ነው የተባለው፣ 10 ነው አልተባለም» ይላሉ። ማታ ከስታዲየም ታክሲ የያዘ ሰው ይህን ቀልድ ያውቀዋል። ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ» እያለ ይጠራል፣ መንገድ ላይ ያለው 22 ማዞሪያ ሲደርስ ግን «ጨርሰናል» ብሎ ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሒሳብ። ማቆራረጥ እንለዋለን፣ የሚወደውም የለም። እንዲያም ሆኖ «እስከ መገናኛ አልኩ እንጂ መገናኛ እገባለሁ አላልኩም» ብሎ የተከራከረኝ ረዳት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ኢንተርኔቱም ማታ ማታ ያቆራርጣል። ልዩነቱ እዚህ ማቆራረጡ ውሉ ላይ መጻፉ ነው። «እስከ» ጣሪያ አላት፣ ወለል ግን የላትም። ከ10 እንደማይበልጥ ትነግርሃለች። ከስንት እንደማይወርድ አትነግርህም።

ዋይፋይ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙም አልጣላም። እንዲያውም እሳቸው ያላዩትን ልጨምርላቸው። ራውተር ቡፌ ውስጥ ተቆልፎበት አይቻለሁ። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ ጎን፣ ወለል ላይ አይቻለሁ። አንድ ቤት ዳንቴል አልብሰውት ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል። እማማ «ሲብለጨለጭ ለዓይን አይመችም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይመችም።

ሞገዱም የራሱ ጠባይ አለው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ግድግዳን የተሻለ ያልፋል፣ ግን ሳይነካኩ የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክ ስከፍት ሃያ ሠላሳ የዋይፋይ ስም ይደረደራል። ሁሉም በእነዚያ በሦስቱ ላይ ይጋፋሉ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ የኮንክሪት ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ሳሎን ሲበር የነበረው ኢንተርኔት መኝታ ቤት ሲደርስ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። በዚህ አቅራቢውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፣ እዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ይህንን ከመስመር ችግር የምትለይ የአምስት ደቂቃ ፈተና አለች። የኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ በቀጥታ ይሰኩ። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፣ ሌሎች ስልኮችንም ከዋይፋዩ ያስወጡ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ይለኩ። በገመድ ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከቀነሰ ችግሩ ቤትዎ ነው፤ እኔን ወይም እኔን መሰል ሰው ይጥሩ። በገመድም ያው ከሆነ ግድግዳውም ዳንቴሉም ነጻ ናቸው። ጸሐፊው ያን ሁሉ ምክር ደርድረው ይህቺን ፈተና ማንሳት መርሳታቸው ገርሞኛል። ምክንያቱም «ችግሩ እርስዎ ቤት ነው» ማለት የሚቻለው ከዚህች ፈተና በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። እኔ ቤት ራውተሩ ሳሎን መሀል፣ ከፍ ብሎ፣ ያለ ዳንቴል ነው የተቀመጠው። ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ ማታ ኢንተርኔት ጠፋ። የፋይበሩ ሣጥን ላይ «ሎስ» የምትባለው መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ትርጉሟ ግልጽ ነው። ከጣቢያው የሚመጣው ብርሃን ቤቴ አልደረሰም፣ ወይም ሲደርስ ደክሟል። ወደ ጥሪ ማዕከሉ ደወልኩ።

«ራውተሩን አጥፍተው፣ አምስት ደቂቃ ቆይተው ያብሩት» አለችኝ ልጅቷ።

«እህቴ፣ ቀዩ ሎስ ነው የበራው። ብርሃኑ ራሱ እየገባ አይደለም። ማጥፋት ማብራት ብርሃን አያመጣም» አልኳት።

«ይገባኛል ጌታዬ። ግን መጀመሪያ አጥፍተው ያብሩት።»

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ ፊቷ ያለው ወረቀት የሚላትን ነው ያለችው። ቅዳሜ ስደውል ሌላ ልጅ አነሳች። እንደገና አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሰኞም እንዲሁ። በስድስተኛው ቀን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ ያስመዘገብኩት ብልሽት መፍትሔ ማግኘቱን የሚገልጽ። መልእክቱን ያነበብኩት ቀዩ መብራት ሥር ቁጭ ብዬ ነው። እንደገና ደወልኩ። የድሮው ቁጥር ስለተዘጋ አዲስ ተመዘገበልኝ፣ ወረፋውም ከመጀመሪያ ጀመረ።

በ11ኛው ቀን ቴክኒሻን መጣ። ትሑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ደረጃው ላይ ያለውን የፋይበር ማከፋፈያ ሣጥን አየው። ክዳኑ ከወለቀ ቆይቷል፣ የሰፈር ልጆች ገመዱን ይጎትቱታል። የብርሃኑን ጉልበት የሚለካውን መሣሪያ ሰካ። ሲቀነስ 29 አነበበ። ቤት ውስጥ ያሉት እነዚህ ሣጥኖች አብዛኞቹ ከሲቀነስ 27 በታች የወረደ ብርሃን ማንበብ ያቅታቸዋል። ጫፉን ቆረጠ፣ ጠረገ፣ እንደገና ቀጠለ። ሲቀነስ 20 ሆነ። ቀዩ ጠፋ። ሃያ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ከውጭ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ይህን ያነሳሁት ለማልቀስ አይደለም። ከጸሐፊው ጋር ዋናው ልዩነታችን እዚህች ታሪክ ውስጥ ስላለ ነው። በፋይበር መስመር ላይ አቅራቢው ጣቢያው ቁጭ ብሎ ብዙ ነገር ማየት ይችላል። እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ መስመሩ በሚሠራበት ጊዜ ያነባል። ብርሃኑ ቀስ እያለ ሲደክም ከደንበኛው በፊት ማወቅ ይችላል። መስመር ሲጠፋም ምክንያቱን የሚለይበት መንገድ አለው። አብዛኞቹ ሣጥኖች መብራት ሲጠፋባቸው ከመሞታቸው በፊት አንዲት አጭር ምልክት ይልካሉ። የባለሙያዎቹ ስያሜ ወደ አማርኛ ሲመጣ «የጣር ትንፋሽ» እንደማለት ነው። ምልክቷ ከመጣች የጠፋው የቤቱ መብራት ነው። ሳትመጣ ድንገት ዝም ካለ፣ የተበላሸው ፋይበሩ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል።

ታዲያ ሚዛኑ ማን እጅ ነው? ሥጋ ቤት ሄጄ ኪሎው ጎደለ ስል ባለሥጋው ሚዛኑን ወደ እኔ አዙሮ ያሳየኛል። «ቤትህ ሄደህ እጅህን ታጠብና እንደገና መዝን» አይለኝም። ጸሐፊው ግን መለኪያ የሌለውን ሰው «ችግሩ ካንተ እንዳልሆነ አረጋግጥ» ይሉታል፣ መለኪያ ያለውን ምንም አይጠይቁትም።

ወደ መብራትና ቁፋሮ ልሂድ። ጸሐፊው እዚህም ከፊሉን ይዘዋል። መብራት ይጠፋል፣ አቅራቢው ደግሞ መብራት ኃይል አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲሠራ መንገዶች ተቆፍረዋል፣ መስመሮች ተነስተው ሌላ ቦታ ተቀብረዋል፣ በመሀሉም ኬብል ይበጠሳል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም የምንገናኘው በጎረቤቶቻችን በኩል ነው። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተጎድተዋል። የጎተታቸው ተመትታ የተንሳፈፈች የአንዲት መርከብ መልህቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። በግንቦት 2016 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ አቅራቢያ ሁለት ኬብሎች ተቆርጠው ኬንያና ታንዛኒያ ድረስ ኢንተርኔት ተንገራግጯል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ቀይ ባሕር የቤት ቁጥር አይለይም። የባሕር ኬብል ሲቆረጥ ሁላችንም እንታመማለን። የእኔ ጠፍቶ የጎረቤቴ እየሠራ ከሆነ፣ ወይም ብሎክ 14 ጠፍቶ ብሎክ 15 ፊልም እያየ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሰፈር ውስጥ ነው። ባሕሩን ለቀቅ እናድርገው።

መብራቱም ቢሆን እንደተባለው ቀላል አይደለም። ከጣቢያው እስከ ቤት ያለው የፋይበር መስመር፣ መከፋፈያውን ጨምሮ፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ብርሃኑ በራሱ ያልፋል። ስለዚህ ጣቢያው ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ካለው፣ እርስዎም ሣጥንዎን መብራት ሲጠፋ በምትተካ ትንሽ ባትሪ፣ በዩፒኤስ፣ ካስነሱት፣ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ ኢንተርኔት ሊሠራ ይገባል። እኔ ለደንበኞቼ ይህቺን ዩፒኤስ አስገዛቸዋለሁ። አንዳንድ ሰፈር ማታውን ሙሉ ትሠራለች። ሌላው ሰፈር መብራት በጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሣጥኗ ባትሪ ላይ እየበራች፣ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። እዚያ ያለቀው የማን ባትሪ ነው? በመዳብ ስልክ መስመር የሚጠቀሙት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ያለው ካቢኔ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ባትሪው ሲደክም ሰፈሩ አብሮ ይደክማል። ያንን ባትሪ የሚቀይረው ደንበኛው አይደለም።

ቁፋሮውም ቢሆን የማንም ጥፋት ባይሆን እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ለምን አይነገረንም? «እዚህ ሰፈር ኬብል ተቆርጧል፣ እስከ ነገ ማታ እንጠግናለን» የሚል አንድ መስመር መልእክት የስንት ሰው ውሎ ያድናል። የጥቅል ማስታወቂያ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስልኬን የሚያገኘው ሰው ለዚህች ሲሆን ቁጥሬ ይጠፋዋል። ያልተጠቀምኩባቸው ቀናት ከወር ሒሳቤ ላይ የሚነሱት ደግሞ ከተከራከርኩ ነው። ያልተከራከረ ይከፍላል።

«የሚያማርሩት ጥቂቶች ናቸው» የሚለው ክርክር ብልህ ክርክር ነው። ኢንተርኔቱ ደህና የሆነለት ሰው «ዛሬም ሠራ» ብሎ አይለጥፍም። ስለዚህ ከፌስቡክ ጩኸት ተነስቶ የደንበኛውን ሁሉ ሁኔታ መገመት አይቻልም። እስማማለሁ። ግን ዝምታውም ቢሆን እርካታ ብቻ አይደለም። ዝም ያለው ውስጥ ተስፋ ቆርጦ የተወም አለ። እኔ ከምዞርባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። መስመሩ በአከራዩ ስም ነው፤ አከራዩ ደግሞ አንዳንዴ ውጭ አገር ነው። ተከራዩ ሲደውል «የመስመሩ ባለቤት ይደውሉ» ይባላል። ዋሽንግተን ያሉት ጋሼ ለአያት ኮንዶሚኒየም ራውተር ብለው ሌሊት ተነስተው ሊደውሉ ነው? ይህ ሰው ከቅሬታ ቁጥሩ ውስጥ የለም። ከረኩት ጋር ተቆጥሯል። በስድስተኛው ቀን «ተፈታ» የተባልኩት እኔም ያን ሰሞን ከረኩት ጋር ነበርኩ።

ስንቱ እንደረካ በግምት ከመከራከር የተሻለ መንገድ አለ። አቅራቢው በወር ስንት ብልሽት እንደተመዘገበ፣ ስንቱ በስንት ቀን እንደተጠገነ፣ ስንቱ «ተፈታ» ተብሎ ከተዘጋ በኋላ እንደገና እንደተከፈተ ያውቃል። በየሰፈሩ ለይቶ ይለጥፈው። ጸሐፊው ልክ ከሆኑ ቁጥሩ ይከላከልላቸዋል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲወጣና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲቋቋም አንዱ ዓላማ የተጠቃሚውን መብት መጠበቅ ነበር። ጽሑፉ ቅሬታን እንደ አጉል ልማድ ሲያወራ ይህ ጭራሽ የተነሳበት ቦታ የለም።

የመጨረሻው ነጥብ ዋጋው ነው፣ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ርካሽ ነው እንበል። በርካሽ የተሸጠ ኪሎም ኪሎ ነው። 10 ተብሎ 3 የሚሆን ነገር ከሆነ፣ 3 ብለው በ3 ዋጋ ይሽጡልን፤ እሱም የሚገዛው አያጣም። «ሞባይል ዳታ ተጠቀሙ» የሚለው ለብቸኛ ሰው ይሠራል፣ ለእኔም በእነዚያ 11 ቀናት ሠርቷል። ሁለት ተማሪ ልጆች ላሉት፣ በዙም ለሚሠራ፣ ማታ ከውጭ ካሉ ዘመዶቹ ጋር በቪዲዮ ለሚያወራ ቤተሰብ ግን ጥቅሉ ወር አይደርስም። ደግሞም ከ22 ወዲያ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሒሳብ ማለት ይኸው ነው።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። የኔትወርክ ገመድ ይፈልጉ፣ ከሌላቸው እኔ አመጣላቸዋለሁ። ላፕቶፑን ራውተሩ ላይ ይሰኩና ሰባት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ይለኩ። አሥራ አራቱንም ቁጥር ከገዙት ፍጥነት ጋር ይለጥፉት። የእሳቸው ማታና ጠዋት እኩል ከሆነ ለእሳቸው ሰፈር ይህን ጽሑፌን አነሳለሁ።

እኔ ሰኞ ጀምሬያለሁ። የገዛሁት 10 ነው። ጠዋት ጠዋት ከ9 ወርዶ አያውቅም። ማታውን ሰኞ 3.4፣ ማክሰኞ 2.9፣ ረቡዕ 6.1 ሆኗል፤ ረቡዕ ምን እንደተፈጠረ አልገባኝም። ሐሙስ ማታ አልለካሁም። ቀዩ መብራት በርቶ ነበር።